ጃርቱን ከመግዛትሽ በፊት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

የልጅ ልጄ፣ ዓይኔ ሜሮን፣

እሑድ ማታ ስትደውዪልኝ ድምፅሽ ደክሞ ነበር። «አባባ፣ አረንጓዴው ፀጉር ድንጋዩን ሁሉ ዋጠው። ኮራሎቼ፣ ዞዋንቲዶቹ፣ ከተከደኑ አራተኛ ቀናቸው ነው። የትኛውን የባሕር ጃርት ልግዛ?» አልሽኝ። እኔም የመጣልኝን ሁሉ አወራሁልሽ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የጃርት ስም ስዘረዝርልሽ አመሸሁ እንጂ እንዴት እንደሚመረጥ አልነገርኩሽም። ስለዚህ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ፤ ሚኒያፖሊስ እስኪደርስ ድረስ አደራ፣ ምንም አትግዢ።

ባሕር በሌለበት አገር፣ አዲስ ሥራ በጀመርሽበት ዓመት፣ ከሁለት ክፍል ቤትሽ አንዱን ለቀይ ባሕር ቁራጭ መስጠትሽ ልቤን እንዴት እንደሚያሞቀው ልነግርሽ አልችልም። ስድስት ወር የሞላው የባሕር ዓሣ ገንዳ አረንጓዴ መልበሱ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ገና ያልበሰለ ገንዳ ሁሉ ያልፍበታል፤ የእኔም አልፎበታል።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ባሕር ያየሁት በሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ስለ ባሕር ጃርት ከማውቀው ግማሹን ግን የተማርኩት እዚያው መንዝ፣ የአባቴን በጎች ስጠብቅ ነው። ጓሳ የሚባለውን ደጋ በፎቶ አሳይቼሻለሁ። ሣሩ ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ለገመድ ይሆናል፣ በክረምቱ ክፉ ቀን ለከብት ይደርሳል። ስለዚህ አገሬው ከጥንት ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ተዘግቶ ይከርማል፤ ከዚያ በስምምነት ይከፈትና ይታጨዳል፣ ይጋጣል፤ ተመልሶ ይዘጋል። አባቴ መስክ ባየ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት በግ ይችላል?» ብሎ ነው። በጉ እንደሚግጥ ማንም ያውቃል። አባቴን የሚያሳስበው ሣሩ ሲያልቅ መንጋው ወዴት እንደሚሄድ ነበር፤ ይህን ሳያውቅ በግ አይገዛም።

ያንቺም ገንዳ መስክ ነው። ሃምሳ አምስት ጋሎን፣ ሁለት መቶ ሊትር ገደማ የሆነ ትንሽ መስክ።

የባሕር ጃርትን መጀመሪያ ያወቅኩት በእግሬ ነው። በ1962 ዓ.ም. ባሕር ኃይል ገብቼ ምጽዋ ተመደብኩ፤ ሥራዬ የጀልባ ሞተር ነበር። የዕረፍት ቀናችን ሲሆን ጉርጉሱም እንወርዳለን። አንድ ቀን ውኃው እስከ ወገቤ በደረሰበት ቦታ ቆሜ፣ ከድንጋይ ሥር ጥቁር ኳስ አየሁ። እሾሁ ከስንዝር በላይ ነው፤ መካከሉ ላይ አምስት ነጫጭ ነጥቦችና ብርቱካናማ ቀለበት አሉት። ቀለበቱ ዓይን መሰለኝ። ጎንበስ ስል ጥላዬ አረፈበት፤ ያን ጊዜ እሾሆቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። ኋላ ሳነብ ነው እንስሳው እንደኛ ያለ ዓይን እንደሌለው፣ በቆዳው ግን ብርሃንና ጥላ እንደሚለይ፣ ጥላ ወዳረፈበት አቅጣጫም እሾሁን እንደሚያነጣጥር ያወቅኩት። በድንጋጤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስመለስ ሌላውን ረገጥኩ።

እሾሁ እንደ መርፌ ቀጭን ነው፤ ሥጋ ውስጥ ሲገባ እዚያው ይሰበራል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ እግሬን በሙቅ ውኃ ነክሮ አስቀመጠኝ፣ በመርፌ እንዳልቆፍረው ከለከለኝ። ሕመሙ በረድ ሲልልኝ አንዱን ጃርት በመቅዘፊያው ጫፍ ገልብጦ ሆዱን አሳየኝ። መሐል ለመሐል አምስት ነጫጭ ጥርሶች እንደ አበባ እንቡጥ ተገጣጥመው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ይህን መንጋጋ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት አርስቶትል ከፋኖስ ጋር አመሳስሎ ጽፎታል፤ እስከ ዛሬ ስሙ «የአርስቶትል ፋኖስ» ነው። ጥርሶቹ ድንጋይ ሲፍቁ ጫፋቸው ያልቃል፤ ከሥር ደግሞ ዕድሜ ልክ ያድጋሉ። ሽማግሌው በእጁ ወደ ድንጋዩ እየጠቆመ በተሰባበረ አማርኛ «ይሄ ባይኖር ድንጋይ ሁሉ ሣር» አለኝ። ያን ጊዜ እግሬ ላይ ነበር ሐሳቤ፤ ቃሉ ግን አልጠፋኝም።

የሽማግሌው ቃል እውነት መሆኑን ዓለም ያየው በሌላ ባሕር ነው። በፈረንጆቹ ጥር 1983፣ ፓናማ ካናል በካሪቢያን በኩል በሚከፈትበት አካባቢ፣ ረጅም እሾህ ያላቸው ጃርቶች መሞት ጀመሩ። ያንን የሞት ጉዞ ከተከታተሉት አንዱ እዚያው በስሚዝሶኒያን የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ሃሪላኦስ ሌሲዮስ ነው። ሞቱ በባሕሩ ሞገድ ተሸክሞ በአንድ ዓመት ገደማ ካሪቢያንን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ፤ ከመቶ ጃርት ዘጠና ሦስቱና ከዚያም በላይ አለቁ። ጃማይካ ላይ የሆነውን ቴሪ ሂዩዝ የተባለ ተመራማሪ በ1994 ጽፎታል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሪፍ ከሚባለው የባሕር ዐለት ግማሽ ያህሉን ሕያው ኮራል ሸፍኖት ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቀረው ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ሆነ። ሽማግሌው ሣር ያለው አልጌ ከመቶ አራት እጅ ተነስቶ ዘጠና ሁለት ደረሰ። ይህን ያደረሰው የጃርቱ ሞት ብቻ አይደለም፤ ቀደም ሲል አልጌ የሚግጡት ዓሦች ተጠምደው አልቀው ነበር፣ በ1980 ደግሞ አለን የተባለው ማዕበል ኮራሉን ሰባብሮታል። ጃርቱ የቀረ የመጨረሻው ጋጭ ነበር። እሱ ሲሄድ መስኩን የሚጠብቅ ጠፋ።

ይህን ሳነብ የአጥማጁ ፊት ነው የመጣብኝ።

ሜሮንዬ፣ ይህን ሁሉ ሰምተሽ «እንግዲያው ትልቁንና ሆዳሙን ልግዛ» እንዳትዪ። እኔ ያልኩት ይህንኑ ነበር፤ ያደረግኩትንም ልንገርሽ።

አያትሽ በሕይወት ሳለች፣ የመጀመሪያው ሰባ አምስት ጋሎን ገንዳዬ እንዳንቺው አረንጓዴ ለበሰ። አንድ ሱቅ ውስጥ ያን የምጽዋውን ጃርት፣ ዳያደማ ሴቶሰም የሚሉትን፣ ብርቱካናማ ቀለበቱን ሳይቀር አየሁት። ወጣትነቴን ያገኘሁት መስሎኝ ሳልጠይቅ ገዛሁ። በአምስት ሳምንት ድንጋዩን አጸዳልኝ። ሌሊት ይወጣል፣ ጎህ ሲቀድ ጥጉ ውስጥ ይገባል፤ ያለፈበት ሁሉ ነጭ ሆኖ ይገኛል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ገንዳውን እያሳየሁ አወራ ነበር። ከዚያ ሮዝ የሚመስለውን ጠንካራ ቅርፊት፣ ኮራላይን የምንለውን አልጌ፣ ይፍቅ ጀመር። ቀጥሎ መስታወቱን መፋቅ ያዘ። አንድ ማታ አያትሽ ሻይ ይዛ መጥታ ብዙ አየችውና «ይሄ ፍጡር አሁን ምን በልቶ ነው የሚያድረው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ሳምንት አሸዋው ላይ የወደቁ እሾሆች አገኘሁ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ኋላም ብዙ። እሾህ ሲረግፍ ከባድ ችግር አለ ማለት ነው። የውኃውን ጨው ለካሁ፣ ሙቀቱን ለካሁ፤ ሁሉም ልክ ነበር። ጃርቱ ተርቦ ሞተ። ጸዳልኝ ብዬ የኮራሁበት ገንዳ ለእሱ የተራቆተ መስክ ነበር። በግ ጠባቂ ሆኜ ያደግሁ ሰው ይህን ማየት ነበረብኝ፤ ያየችው ግን እሷ ናት።

ስለዚህ የመጀመሪያው መስፈርት ይህ ነው፤ በስልክ ሳልነግርሽ የቀረሁትም እሱን ነው። ጃርት የሚመረጠው በሚበላው አልጌ ብዛት አይደለም፤ አልጌው ካለቀ በኋላ አንቺ በየቀኑ ልታበዪው በምትችዪው ልክ ነው። አልጌው ሁለት ወር ይቆይ ይሆናል። ጃርቱ ግን ዓመታት አብሮሽ ይኖራል።

ጃርት ሲበዛም ጉዳት አለው። ከሞምባሳ ደቡብና ሰሜን፣ በኬንያ ጠረፍ፣ አጥማጆች ጃርት የሚበሉትን ዓሦች፣ በተለይ ትሪገርፊሽ የሚባሉትን፣ ሲጨርሷቸው ኤኪኖሜትራ የሚባለው አጭር እሾህ ያለው ጃርት ከመጠን በላይ ተራባ። ይህ ዝርያ ድንጋይ ፍቆ ጉድጓድ እየሠራ ነው የሚኖረው፤ ብዛቱ ሲጨምር ሪፉ ከሚያድገው በላይ ይፋቃል። ማጥመድ በተከለከለባቸው የባሕር ፓርኮች ግን ዓሦቹ ስላሉ ጃርቱም በልኩ ነው። ትሪገርፊሽ በቀይ ባሕርም አለ፤ ረጅም እሾህ ያለውን ጃርት በአፉ ውኃ እየተፋ ገልብጦ፣ እሾሁ አጭር የሆነበትን ሆዱን ይበላዋል። አንቺ ያሉሽ ዓሦች ሁለት ክላውንና አንድ ግራማ ስለሆኑ በዚህ በኩል ሥጋት የለብሽም።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። ስለማትገዢያቸው በአጭሩ ልናገርና ልለፍ።

ዳያደማው ይቅርብሽ፤ እሾሁ ገንዳሽ ውስጥ መዞሪያ አይኖረውም፣ እጅሽንም ይወጋል። ኤኪኖሜትራም ይቅር፤ ድንጋይሽን ቦርቡሮ ከጉድጓዱ አይወጣም። እንደ እርሳስ ወፍራምና ድፍን እሾህ ያለውን «ለሪፍ ችግር የለውም» ይሉሻል፤ ለእኔም ብለውኝ ነበር፣ ከአልጌው ይልቅ ስፖንጁን በላው፣ ቀጥሎም የኮራሌን ጫፍ። በእሾሆቹ መካከል ትንንሽ አበባ የሚመስሉ መቆንጠጫዎች ያሉት ጃርት ካየሽ ደግሞ ጣትሽን እንኳ አታስጠጊ፤ ውበቱ መርዝ ነው።

ትሪፕኒውስቴስ የሚባለውን ግን ሳላከብር አላልፈውም። ሃዋይ ውስጥ፣ ካኔኦሄ በሚባለው የባሕር ሰላጤ፣ ከሌላ አገር የመጣ አልጌ ኮራሉን ሲያፍነው የክልሉ መንግሥት ይህንኑ ጃርት በጣቢያ እያራባ በፈረንጆቹ ከ2011 ጀምሮ በመቶ ሺዎች ለቀቀ። መጀመሪያ ጠላቂዎች አልጌውን በግዙፍ መምጠጫ ከጀልባ ላይ ይስቡታል፤ ከዚያ የቀረውንና መልሶ የሚበቅለውን ለትንንሾቹ ጃርቶች ይተዉታል። ይህን ቅደም ተከተል ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ። እንስሳው ግን ሲያድግ ወርዱ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ላንቺ ገንዳ በሬ ነው።

የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ከፍሎሪዳና ከካሪቢያን የሚመጣው፣ መርፌ መሰኪያ ትራስ የሚመስለው ሊቴኪነስ ነው፤ ጎበዝ ጋጭ ነው፣ ግን ያገኘውን ሁሉ ይሸከማል። ሌላው፣ እኔ የምመርጥልሽ፣ ሜስፒሊያ ግሎቡለስ ነው፤ ሱቆች ቱክሲዶ ይሉታል። ከሕንድ ውቅያኖስ ምሥራቅ እስከ ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ድረስ ይኖራል። ድቡልቡል ነው፤ በእሾሆቹ መካከል ከላይ እስከ ታች የወረዱ፣ ከፋይ የመሰሉ ሰማያዊ ጥለቶች አሉት። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ነው የሚመስለኝ። አድጎ አድጎ ከሎሚ ብዙ አይበልጥም፣ እሾሁ አጭር ነው፣ ኮራል አይነካም፣ ድንጋይ አይገለብጥም። ከመቶ ምናምን ሊትር በላይ በሆነ ገንዳ አንድ ይበቃል። አንድ ብቻ ግዢ። ሁለት ከገዛሽ ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱም ተራቢ ናቸው።

እሱም ይሸከማል፤ ዛጎል፣ ጠጠር፣ የአልጌ ቁራጭ አናቱ ላይ ይከምራል። ከብርሃን ራሱን እንደሚከልል ይታመናል። ያልተጣበቀ ኮራልሽንም ይዞብሽ ይሄዳል። ስለዚህ ጃርቱ ከመምጣቱ በፊት ዞዋንቲዶቹን አንድ በአንድ በጄል ሙጫ ድንጋዩ ላይ አጣብቂያቸው። እኔ አንድ ጠዋት አያትሽ ከሁሉ የምትወደውን አረንጓዴ ኮራል ፈልጌ ፈልጌ ከገንዳው ማዶ ቱክሲዶዬ አናት ላይ አግኝቼዋለሁ፤ ምንም አልሆነም ነበር፣ እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጃርቱን «ባለ ዘውዱ» አለችው።

ደግሞ የምታጠፊው ነገር በእርግጥ አልጌ መሆኑን እይ። በጣትሽ ቆንጥጠሽ ሳቢው። እንደ ፀጉር ተነቅሎ ከመጣ፣ አረንጓዴ ከሆነ፣ ጃርቱ ይበላዋል። ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ እንደ ቀጭን ጨርቅ ከተገፈፈ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ አይነካውም። ቡናማ ንፍጥ መስሎ አየር ካቆረ ደግሞ ዳይኖፍላጀሌት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ የሚግጡትን ስለሚመርዝ ያን ጊዜ ጃርት ጨርሶ አታስገቢ። በስልክ የላክሽልኝ ፎቶ ላይ የማየው የመጀመሪያውን ነው፤ ይሁንና ዓይን ከጣት አይበልጥምና ቆንጥጪው።

ፀጉሩ ከሆነ የሃዋዮቹን ቅደም ተከተል ተከተዪ። የረዘመውን መጀመሪያ በእጅሽ ንቀይ፣ የቀረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጊ፣ በሳይፎን ቱቦ ከውኃው ጋር አውጪው። ጃርት ዱር መንጣሪ አይደለም፤ አጭሩንና አዲስ የበቀለውን ነው ደጋግሞ የሚግጠው። ለሱ የሚሆነውን መስክ አንቺ አዘጋጂለት።

አሁን የማይጥምሽን ልናገር። አልጌው ከየት መጣ? ውኃሽ የቧንቧ ውኃ ነው፤ ነግረሽኛል። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ፎስፌትና ናይትሬት ሊኖር ይችላል፤ ለአልጌ ማዳበሪያ ነው። በአርኦ ማጣሪያ ያለፈ ውኃ ብቻ ተጠቀሚ፤ ማጣሪያውን እኔ እልክልሻለሁ፣ እምቢ እንዳትዪኝ። ሌላው እጅሽ ነው። እጅሽ እንደ አያትሽ ለጋስ ነው፤ ዓሣ ግን እንደ እንግዳ «በሞቴ» ተብሎ አይመገብም። በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ስጪ። ጃርት አልጌውን ሲበላ ማዳበሪያውን ከገንዳው አያስወጣውም፤ በትንንሽ እንክብል መልሶ አሸዋው ላይ ይጥለዋል። ያን በየሳምንቱ በሳይፎን የምታወጪው፣ ውኃውን የምትቀይሪው፣ ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣውን ስኪመር የምታጥቢው አንቺ ነሽ። ይህን ካላደረግሽ ጃርቱ በጋጠ ቁጥር አልጌው ከኋላው ይበቅላል።

ሱቅ ስትሄጂ አትቸኩዪ። ጃርቱ መስታወት ላይ ወይም ድንጋይ ላይ የቆመውን ምረጪ፤ አሸዋ ላይ የተዘረረውን አይደለም። እሾሆቹ የቆሙና የሚንቀሳቀሱ ይሁኑ፣ ራሰ በራ ቦታ አይኑርበት። በእሾሆቹ መካከል ቀጫጭን ቱቦ እግሮቹ ወጥተው መስታወቱን ሲጨብጡ ታያለሽ። ሲያወጡልሽ መንጭቀው እንዳይነቅሉት ጠይቂ፤ በኃይል ሲላቀቅ እነዚያ እግሮች ይበጣጠሳሉ። ቀስ ብለው ከጎን በካርድ ይግፉት ወይም የቆመበትን ድንጋይ አብረው ይስጡሽ። ሱቁ ከደረሰ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ምን እንደሚያበሉት ጠይቂ። መልስ ከሌላቸው ሌላ ሱቅ አለ።

ከባሕር የተያዘ ሳይሆን በእርባታ ያደገ ቱክሲዶ ካገኘሽ እሱን ውሰጂ፤ ዋጋው ቢወደድም። ይህን በጥብቅ የምልሽ ምክንያት አለኝ። በ2022 ካሪቢያን ውስጥ ያ የጃርት ሞት ተመልሶ መጣ። የ1983ቱ ሰበብ በእርግጠኝነት ሳይታወቅ ቀርቷል፤ ይህኛውን ግን ተመራማሪዎች በ2023 አገኙት፣ ሲሊየት የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። በዚያው ጊዜ ሞቱ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ታየ፤ ከዚያ በ2023 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ገባ። ቀይ ባሕር ዳር ባለችው የእስራኤሏ ኢላት፣ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ፣ ከጎንደር የሄደ የድሮ ወዳጄ ደውሎ «ዳርቻው በጃርት ቅርፊት ተሞልቷል» አለኝ። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንዳዩት ጤነኛው ጃርት በሁለት ቀን ሥጋ አልባ አጥንት ይሆናል። ቀይ ባሕር ላይ የሞተው ዝርያ ዳያደማ ሴቶሰም ነው፤ ያ ጉርጉሱም ላይ ጥላዬን ያየው፣ ገንዳዬ ውስጥ ያስራብኩት። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። ባሕሩ የቀረውን ያኑርለት፤ እኛ በእርባታ ያደገውን እንውሰድ።

ቤት ስታደርሺው ከረጢቱን ቀድደሽ ገንዳ ውስጥ እንዳትገለብጪው። የባሕር ጃርት የሰውነቱን ጨው መቆጣጠር አይችልም፤ ውስጡ ዙሪያው ያለውን ውኃ ነው የሚሆነው። ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ከነውኃው አድርጊው፣ ከገንዳሽ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ እንዲቀላቀልበት አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓትም ቢሆን ታገሺው። የገንዳሽ የጨው ልክ በ1.025 ላይ ይቆይ፤ ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ዓሣ ቢታመምብሽ መዳብ ያለበት መድኃኒት ገንዳው ውስጥ በፍጹም አይግባ፤ ዓሣው ይድናል፣ ጃርቱ ይሞታል። ሮዙ ኮራላይን ላይ ነጫጭ የጥርስ ፈለግ ስታዪ አትደንግጪ፤ መልሶ ይለብሳል።

ድንጋዩ ሲጸዳ፣ ሌሎች ሰዎች ደስ ብሏቸው እንስሳውን በሚረሱበት ቀን፣ አንቺ ማብላት ጀምሪ። ሱሺ የሚጠቀለልበት ኖሪ፣ ጨውና ቅመም የሌለበት፤ የመዳፍሽን ግማሽ የምታህል ቁራጭ፣ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ። ሌሊት ላይ ስጪው፣ ጠዋት የተረፈውን አውጪ። ከዳያደማው በኋላ አንድ ቱክሲዶ ስድስት ዓመት ከእኛ ጋር ኖሯል። ያበላው የነበርኩት እኔ አይደለሁም። አያትሽ ከእራት በኋላ ሳህን ሳታነሳ፣ «ባለ ዘውዱ በላ?» ትል ነበር፤ ካልበላ ተነስታ ራሷ ትሰጠዋለች። ሆስፒታል በገባችበት ወር እንኳ ስደውልላት የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር። ኒውዚላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች ማታ ማታ ባሕሩ የሚያሰማውን ጩኸት መንስኤ ሲፈልጉ፣ ጃርቶች ድንጋይ ሲፍቁ ቅርፊታቸው እንደ ከበሮ እንደሚያስተጋባ አገኙ። የአንድ ትንሽ ቱክሲዶ ድምፅ ያን ያህል አይደለም። ነገር ግን መብራቱ ጠፍቶ፣ ፓምፑ ለአፍታ ቆሞ፣ ጆሮሽን መስታወቱ ላይ ብታደርጊ ቀስ ያለ የመፋቅ ድምፅ ይሰማሻል። እኔና አያትሽ ብዙ ሌሊት ሰምተነዋል። ጃርቱ የገባ ዕለት ሌሊት ደውዪልኝ፤ ሰዓቱ ቢመሽም ደውዪ፣ ስልኩንም መስታወቱ ላይ አስጠጊልኝ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ አሮጌ የፕላስቲክ መቆንጠጫ አለ፤ ጀርባው ላይ መምጠጫ ጎማ አለው። ኖሪ የምትሰኪበት ነው። ጎማውን በሙቅ ውኃ ነክረሽ ካለሰለስሽው መስታወቱን ይይዛል። የአያትሽ ነው።

በጣም የሚወድሽ፣
አያትሽ